ለጥሪህ የማልመልስበት ምክንያት

ይድረስ ለበቀለ፤ ለእኔ በቄ።

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ብጀምር መልሱን አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ስለዚህ ከራሴ ልነሣ። ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት አልፎ ቡናው መቅላት ጀምሯል። አምና በዚሁ ወቅት ልጽፍልህ ተቀምጬ ነበር፤ ግን የወጣልኝ ሁሉ ማታ ማታ በማስታወሻዬ የማሰፍረው ዓይነት ሆነብኝ፤ ገበያው እንዴት ዋለ፣ ዝናቡ ምን አደረገ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ። ለዚህማ አንተን ማስቸገር የለብኝም ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ ላንተ ብቻ የሚነገር ነገር አለኝ። በአፌ እንዳልነግርህ ደግሞ ተከልክያለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ትደርስበታለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የሱቁን ጣሪያ አስቀይሬዋለሁ፤ አንድ ክረምትማ ይችላል ስትለው የነበረው ቆርቆሮ አልቻለም። ሚዛን ተፈሪም ተለውጣለች። ባጃጁ ከመብዛቱ የተነሣ መንገድ መሻገር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። የዩኒቨርሲቲው ልጆች ማር በትንንሽ ዕቃ ሽጪልን እያሉ ስለሚመጡ ትንንሽ ዕቃ ገዝቻለሁ። ካፖርትህን ለወንድምህ ለታደሰ ሰጠሁት፤ እጅጌው ቢያጥረውም ይሞቀዋል። የጭቃ ቦቲህን ግን ከበሩ ኋላ አላነሣሁትም። ውሻችን አሁንም በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ አንተ ከወፍጮ ቤቱ የመንገድ ጥምዝ ትደርስበት የነበረው ሰዓት ሲሆን ጆሮውን ያቆማል። ውሻ ነው፣ ልማዱ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ከዚያ ጥምዝ ትጣራው የነበረውን ጥሪ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቃል የለውም፤ ሁለቴ ከፍ ይልና ሦስተኛው ላይ ወርዶ ይቀራል። ከጫካ ማርና ቡና ጭነህ ስትመጣ ትጣራለህ፤ እኔም ከሱቁ ውስጥ፣ ጨው እየሰፈርኩም ቢሆን፣ አቤት የሚለውን አስረዝሜ እመልስልሃለሁ። ደንበኞች ይስቁብን ነበር። ጎረቤታችን ዘነበች «በቀለ ድንበሩን አስከበረ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ቀልዷ ምን ያህል እውነት እንደሆነ አታውቅም።

እኔም ያወቅሁት በተጋባን ዓመት ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ እኔም የከተማ ልጅ ነበርኩና ጫካ ማለት ለእኔ ወደ ቴፒ ስንሄድ በመኪና መስኮት የማየው ጥቁር ነገር ነበር። የአባትህን ጫካ ልታሳየኝ ወሰድከኝ። ድንጋይ አልተተከለ፣ አጥር አልታጠረ፤ ድንበሩ የት ነው ብዬ ጠየቅሁህ። ሳትመልስልኝ ከትልቁ የቀረሮ ዛፍ ሥር ቆምክና ተጣራህ። ከወንዙ ማዶ፣ ከማላየው ቦታ፣ ሌላ ጥሪ መለሰ። የማዶው መንደር ሰው አቶ ወዳጆ ነበሩ። «ሰማሽው? ድንበሩ እሱ ነው» አልከኝ።

ከዚያ አስረዳኸኝ። እያንዳንዱ ባለ ጫካ የራሱ ጥሪ አለው፤ ከአባቱም ከወንድሙም የተለየ። ቀፎ ሲሰቅል፣ ቡና ሊለቅም ሲገባ፣ ከድንበሩ ዛፍ ሥር ይጣራል። ጎረቤቱ ከመለሰ ቦታህ ነው፣ አውቄሃለሁ ማለቱ ነው። ዝም ካለ ክርክር አለ። ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ከቤቱ ሰው፣ አብሮት ከበላ ሰው አንዱ ዛፉ ሥር ይቆምና የሟቹን ጥሪ ለመጨረሻ ጊዜ ይጣራዋል። ያኔ ጎረቤቱ አይመልስም። ሟቹም ዝምታውን ሰምቶ ይሄዳል። ቀጥሎ ወራሹ በራሱ ድምፅ ሲጣራ ጎረቤቱ ይመልስለታል፤ ቦታው ተላለፈ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሟቹን ጥሪ የሰማ ማንም ሰው መልስ መስጠት የለበትም። የመለሰለት እንደሆነ ሟቹ ቦታዬን ይዣለሁ ብሎ ይቀራል፤ የተላለፈውም ይፈርሳል። ይህን ስትነግረኝ ከማር እንጀራ እየቆረስክ ታበላኝ ነበር። እኔ የማሩን ጥራት ነበር የማስበው።

አንተ ስታርፍ ይህ ስንብት ሳይፈጸም ቀረ። ያረፍከው ሆስፒታል ነው፤ ክረምቱ ድልድዩን ወስዶት ነበር፤ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተቀበርክ። አርባህም እዚሁ ወጣ። የመንደሩ ሰዎች በእግር ጭቃውን ጥሰው መጥተው አለቀሱልህ፤ ሲመለሱ የከተማው ሰው ሁሉን ፈጽሟል ብለው አሰቡ። እኛም እነሱ አገራቸው ሲገቡ ያደርጉታል ብለን አሰብን። አንተ ያቋቋምከው የደን ማኅበርም ታደሰን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ፤ ማኅተሙን አስረከቡት። ማኅተም ከተላለፈ ሁሉም የተላለፈ መሰላቸው።

በዚያው ሰሞን ወረዳው ለማኅበሩ አንድ ነገር አስታወቀ። አንድ ድርጅት ሻይ ሊተክል ቦታ ጠይቋል። ባለቤቱ የታወቀ ጫካ አይነካም፤ ባለቤትነቱ የሚረጋገጠው ግን ሁለቱ አጎራባች ማኅበራት በድንበሩ ተስማምተው ሲፈርሙ ብቻ ነው። ያልተፈረመበት ባዶ መሬት ይባላል። የእኛና የማዶዎቹ ድንበር ደግሞ ያ ወንዝና ያ ቀረሮ ነው፤ የአባትህ ጫካ በሙሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። በማዶዎቹ በኩል የሚፈርሙት አቶ ወዳጆ ግን አልፈርምም አሉ። ታደሰ ምክንያቱን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ላከባቸው፤ ቡና ጠጥተው፣ ስለ ከብቱ ስለ ልጁ አውርተው ሰደዷቸው።

እኔ ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት በንግድ ዓይን ነው። ከወንዙ በኩል የሚመጣው ቡና ቆመ። ከሌላው በኩል ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ኩንታል የለም። የሚለቅሙትን ሴቶች ስጠይቅ አንዷ ልጄ ታመመ፣ ሌላዋ መንገዱ ጭቃ ነው ትለኛለች። ደረቅ ወር ላይ ነን። በመጨረሻ አንዲቱ የገዛችውን ሳሙና በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «እትዬ አልማዝ፣ በቀለ እየተጣራ እንዴት እንግባ?» አለችኝ።

ታውቀኛለህ፤ አልደነገጥኩም። ቦታው ባዶ ነው እንዲባል የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ለቃሚዎቹን ማስፈራራት ርካሽ መንገድ ነው። ጥሪህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎረምሳ ቀጥሮ ማስጮህ ይቻላል። ለድርጅቱ የሚሯሯጥ ደላላም አውቅ ነበር። ስለዚህ ታደሰንና ውሻውን ይዤ ራሴ ሄድኩ።

በቄ፣ ጫካህ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቡናው ፍሬው ዛፉ ላይ ጠቁሮ ደርቋል፤ የረገፈው ከሥሩ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሰው ባይለቅመው ጦጣ ይበላው ነበር፤ ጦጣም አልነካውም። ጉሬዛዎቹ ከላይ ነበሩ፤ ጭራቸው ይታያል፣ ድምፅ የላቸውም። ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ እስከ ወገባችን ደረሰ። ቀረሮው ሥር ስንደርስ ውሻው እንደ ቤቱ ደጃፍ ተጋደመና ጆሮውን አቆመ።

ከዚያ ሰማሁህ። ከቅርብ ነበር። ሁለቴ ከፍ ብሎ ሦስተኛው ላይ ወርዶ ቀረ። ታደሰ ካፖርትህን ለብሶ ነበርና፣ አንተ ልትወስደው የመጣህ ይመስል፣ ቁልፉን ፈትቶ ሊያወልቀው ጀመረ፤ ያዝኩት። ከማዶ ወዲያው መልስ መጣ፤ የአቶ ወዳጆ ድምፅ። እንደ ድሮው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ጭቃውን ዞሬ አየሁት። የእኔ ጫማ፣ የታደሰ ጫማ፣ የውሻው እግር። ሌላ የለም። ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ላይ የቆመ ሰው ዱካ አይተውም ብዬ አሰብኩ። ማታ ማስታወሻዬ ላይ ሰው ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም፦ ደላላው ጎረምሳ ቢቀጥር፣ አቶ ወዳጆ ምን ቤት ሆነው ይመልሱለታል?

ነገሩን የፈታው ለደን ማኅበራቱ የተሰጠው ሥልጠና ነው። አዎ፣ ሥልጠና ሲባል ትስቅ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሻይና ብስኩት በልተው ፈርመው የሚበተኑበት ትለው ነበር። ይህ ሌላ ነበር። ሙሉ የምትባል ባለሙያ መጣች፤ ልጅ እግር ናት፤ ወላጆቿ የማሻ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን ማኅበራት በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል አስቀመጠቻቸው። ሒሳብ አያያዝ፣ የጥበቃ ተራ፣ ማሩን በጋራ ስለ መሸጥ፤ ይህን ማሩን የምገዛው እኔ ስለሆንኩ እኔንም ጠርታኝ ነበር። መተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ አስነበበቻቸው። ባል የሞተባት ሴት በባሏ ቦታ አባል ትሆናለች የሚለው አንቀጽ ያለ ክርክር እጅ ወጥቶበት አለፈ። ወረቀት ላይ ስለሆነ ማንንም አላስጨነቀም።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አለቻቸው፦ ዛሬ ማንም የራሱን አይናገርም፤ እያንዳንዱ መንደር ቆሞ የሌላውን መንደር ጉዳይ፣ እነሱ ራሳቸው ቢሆኑ እንደሚናገሩት አድርጎ ይናገር። ሳቅ ሆነ። ታደሰ የማዶዎቹን ተናገረ፤ ወንዙ መንገዱን እንደ ለወጠ፣ አሮጌው ቀፏቸው በእኛ በኩል እንደ ቀረ። ጥሩ አድርጎ ተናገረው። ቀጥሎ አቶ ወዳጆ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የእነዚህ ጉዳይ አጭር ነው» አሉ። «ቦታው የበቀለ ነው። በቀለ ደግሞ አልተሰናበተም። ዓመቱን ሙሉ ይጠራኛል፤ እኔም መልሼለታለሁ። ባልመልስለት ቦታውን መካዴ ነው። አሁን ታደሰ መጥቶ ፈርም ይለኛል። ለአንድ ቦታ ለሁለት ሰው እንዴት ልመልስ?»

ከኋላ የሳቁ ነበሩ፤ ሳቁ ብዙ አልሄደም። እኔ ግን ባላጋራ መስለውኝ የከረሙት ሰው ዓመቱን ሙሉ ቦታህን ሲጠብቁልህ እንደ ነበር ያኔ ገባኝ። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ጫካው በአገሩ ደንብ ክርክር ያለበት፣ በወረዳው ደንብ ባዶ ይሆን ነበር።

ሙሉ አልሳቀችም። ስንብቱ እንዴት ነው የሚፈጸመው ብላ ጠየቀች፤ ነገሯት፤ ጻፈችው። ታደሰ እኔ ወንድሙ ነኝ፣ እኔ እጠራለሁ አለ። አቶ ወዳጆ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንተ የራስህ ቤት፣ የራስህ ምድጃ አለህ፤ ከበቀለ ጋር ከአንድ ሳህን የበላው ማነው አሉት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሴት ቀረሮው ሥር ተጣርታ አታውቅም የሚል ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ፣ ያ በየዓመቱ እርጥብ ቡና ደርቋል ብሎ ሊሸጥልኝ የሚመጣው፣ «ለሱቅ ሴት ከሰጠነው ቀረሮውን መንዝራ ትሸጠዋለች» አለ።

«ብሸጠውማ የሻይ ድርጅቱ በውድ ይገዛኝ ነበር፤ እስካሁን ምን አስቀመጠኝ?» አልኩት። እሱ ራሱ ሳቀ። ሙሉም እጅ ያወጡበትን አንቀጽ እንደገና አነበበችላቸው። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም መንደሮች ድንበሩን አብረው ሊሄዱበት ተሰበሰቡ። ሙሉ ጂፒኤሱን ይዛለች፤ በየድንበሩ ዛፍ ቆማ ትመዘግባለች። ከታች ጀምረን ዛፍ በዛፍ ወጣን፤ በየዛፉ ባለ ጫካው ይጣራል፣ የማዶው ይመልሳል፣ እሷ የጂፒኤሱን ቁልፍ ትጫናለች። ሲቃለዱ፣ ሲሰዳደቡ ነበር የሄዱት። ቀረሮው ሲቀርብ ቀልዱ እየሳሳ መጣ። ጉሙ ተነሥቶ ነበር። አቶ ወዳጆ ከወንዙ ማዶ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ፤ ይታዩኛል።

ጥሪህን ተጣርቼ አላውቅም፤ ሥራዬ መመለስ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ልክ ሆኖ ወጣ፤ ሁለቱ ከፍ አሉ፣ ሦስተኛው ወረደ። ከአንገቴ አንተ የወጣህ መሰለኝ። አቶ ወዳጆ አልመለሱም። ከንፈራቸው ተጣብቆ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሆኖ፣ እንባቸው ብቻ ይወርድ ነበር። ዝምታው ረዘመ። ውሃው እንኳ የተቋረጠ መሰለኝ። ሄደ፣ አበቃ አልኩ በልቤ።

አሁን የራሴን ጥሪ መጣራት አለብኝ። የራሴ ጥሪ የለኝም። በጥሪ በኩል ሰምተህ የምታውቀው የእኔ ድምፅ አቤት ብቻ ስለሆነ እሱን ልጣራ ቆርጬ መጥቼ ነበር። ትንፋሼን ሳብኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ፣ ከሽቅቡ፣ ሰው ካልቆመበት ከጫካው ውስጥ፣ አንዲት ሴት መለሰች።

አቤት አለች፤ አስረዝማ። ከሱቅ ውስጥ ሆኜ እንደምለው፣ ጨው እየሰፈርኩ እንደምለው።

የገደል ማሚቶ ነው ብለህ ታጽናናኝ ይሆናል። ማሚቶ ያልከውን ነው የሚመልሰው፤ እኔ ያልኩት ጥሪህን ነው፤ አቤት አላልኩም። ውሻው ተነሥቶ ወደዚያ ጥቂት ተራመደ፤ ጭራውን ወዘወዘ፤ ተመልሶ እግሬ ሥር ተኛ። ታደሰ መሬት መሬቱን ያያል። ሙሉም ዓይኗን ከመሣሪያው አላነሣችም። እኔንም ሽሺ ሽሺ አለኝ። ሆኖም አሁን ብሸሽ ጫካውም፣ ማኅበሩም፣ የአባትህ ስምም አብሮ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ሆኜ፣ በገዛ ድምፄ ላይ ተደርቤ፣ አቤት ብዬ ተጣራሁ።

አቶ ወዳጆ መለሱልኝ። ሙሉም ቁልፉን ተጫነች።

ወንዙን ተሻግረው መጥተው ጨበጡኝ። ከኋላዬ የመለሰችውን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅሁ። «ሰማኋት። አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ብዙ ዘመን መልሰሽለታል፤ ድምፅሽን ይዞት ሄደ። ከእንግዲህ የሚመልስለት አለው። አንቺ ዝም በይ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ያለው የወረቀት ሥራ ነው። ሁለቱ ማኅበራት ፈረሙ፤ ማረጋገጫው ወጣ፤ በአባትህ ጫካ ላይ የእኔ ስም ሰፍሯል። የሻይ ድርጅቱ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ጥበቃውን አሁን ሁለቱ መንደሮች በተራ ያወጣሉ፤ ማሩንም አንድ ላይ ይሸጡልኛል፤ ተባብረው ሲመጡ ዋጋ ላይ ችክ ይላሉ፣ ይህንንም ያስተማረቻቸው ሙሉ ናት፤ በዚህስ አልመረቅኋትም። ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምረዋል፤ ስንብት ሳይፈጸም ዝውውር አይመዘገብም ይላል። ለቃሚዎቹ ተመልሰዋል። ጦጣዎቹም ተመልሰው ቡናውን እየበሉ ያስለቅሱናል።

ቢሆንም፣ በቄ፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወፍጮ ቤቱ ጥምዝ ትጣራለህ።

እኔ ብቻ አይደለሁም የምሰማህ። ባለፈው ዘነበች ስኳር ልትገዛ ገብታ ሳለች ተጣራህ። ዘነበች ያን ቀልዷን አልቀለደችም፤ ስኳሯን ሳታስጠቀልል ወጣች። አፌ አንተን ለምዷል፤ ሳላዝዘው ይከፈታል። ከንፈሬን ነክሼ ጨዉን እሰፍራለሁ። አንድ ቃል ነው፤ ባወጣው ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ፤ እኔንም ደስ ይለኛል። ግን ያቺ ቃል ከቤቱ ከወጣች ቀረሮው ሥር የተደረገው ሁሉ ይፈርሳል፤ የእነዚያ ሴቶች ቡና፣ የሁለት መንደር ጫካ። አንተ ራስህ ብትሆን መልሺ አትለኝም። ማኅበሩን ያቋቋምከው አንተ ነህ።

ንግድ ላይ የኖረ ሰው ግን ሁልጊዜ ሌላ በር ይፈልጋል። አቶ ወዳጆ ማር ሊያስረክቡ የመጡ ዕለት ጠየቅኋቸው፦ የተከለከለው ድምፅ ነው ወይስ ጽሑፍም ይጨምራል? ባርኔጣቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። በአባቶቻቸው ጊዜ የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ ስለ ጽሑፍ የተባለ ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ከዚያ ፈገግ ብለው ወረቀት ድምፅ የለውም አሉ። ለእኔ በቂ ነው።

እንግዲህ ይህን ጽፌ ስጨርስ አጥፌ ከበሩ ኋላ ካለው ቦቲህ ውስጥ አኖረዋለሁ። ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ቦቲው ከዚያ አይነሣም፤ እኔ እያለሁ ማንም አያደርገውም። ዝም ስልህ የረሳሁህ እንዳይመስልህ። የዘነጋሁትን ሰው አቤት ላለማለት ከንፈሬን አልነክስም። በየዓመቱ ቡናው ሲቀላ እጽፍልሃለሁ፤ ጫካህ ምን እንደ መሰለ፣ ማን በየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ተጣራ፣ ማን እንደ መለሰለት እነግርሃለሁ። እዚያ ያለችው አልማዝ በአፏ ትመልስልህ። እዚህ ያለሁት በእጄ እመልስልሃለሁ።

ዛሬ የገበያ ቀን ነው። ሱቁ ውስጥ ሰው የለም። ውሻው አሁን ጆሮውን አቆመ።

ሰምቼሃለሁ፣ በቄ።

አልማዝህ